ሁለት ካርድ፣ 22 ስልክ፣ አንዲት ነርስ ፕራክቲሽነር፦ የአክስቴ ጉዳይ

የአክስቴን ነገር፣ ሜዲኬይድ የሚባለውን የዝቅተኛ ገቢ የመንግስት ኢንሹራንስ የሚቀበል ሐኪም ፍለጋችንን ማለቴ ነው፣ ለሁለት ሦስት ሰው ስነግር ሁሉም «ኧረ እኛም እንደዛው ነው የሆነው» ስላለኝ አንዱን ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልጽፈው ብዬ ነው። ስም አልጠራም፣ የክሊኒኩንም የኢንሹራንሱንም። የሆነውን ብቻ በቀኑ በቀኑ።

አክስቴ ያኔ 61 ዓመቷ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ከልጇ ጋር ነው የምትኖረው፣ ሲቲዝን ናት፣ ዲሲ ዳውንታውን ፓርኪንግ ካሸር ሆና 14 ዓመት ሠርታለች። ከኮቪድ በኋላ የቢሮ ሰራተኛው ቤቱ ቀረ፣ ጋራዡ ማሽን አስገባ፣ የሷን ሰዓት በሳምንት ወደ 20 አወረዱት፣ ሰዓቱ ሲወርድ የስራ ኢንሹራንሷም ዲሴምበር 31 ቀን 2024 አለቀ። ስኳር አለባት፣ ታይፕ ቱ፣ ወደ 9 ዓመት ሆኗታል፣ ደም ግፊትም አለ። ሜትፎርሚን፣ ግሊፒዛይድ፣ ሊሲኖፕሪል ትወስዳለች። ያዩዋት የነበሩት ዶክተር ዲሲ ውስጥ የግል ክሊኒክ ያላቸው ናቸው፣ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ግን ሜዲኬይድ አይቀበሉም። በቃ እዛ ጋ አለቀ።

ሜዲኬይድ ማግኘቱ ራሱ አልከበደም፣ ይሄን ልናገር። ጃንዋሪ ላይ በሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን፣ በስቴቱ የኢንሹራንስ ድረ ገጽ፣ ልጇ ሞላችላት። ለትልቅ ሰው የገቢው ጣሪያ የድህነት መስመሩ 138 ፐርሰንት ነው፣ በ2025 ሂሳብ ለአንድ ሰው በዓመት 21,597 ዶላር፣ የሷ ደግሞ በሳምንት 20 ሰዓት ተባዝቶ 18 ሺህ ምናምን ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ገባች። 65 ስላልሞላት ሜዲኬር አይመለከታትም። ይሄን ያነሳሁት በኋላ ስልክ ስደውል ስንቴ እንደተምታታ ስለማውቅ ነው፣ እኔ «ሜዲኬይድ» እላለሁ እነሱ «ሜዲኬር አዎ እንቀበላለን» ይሉኛል፣ በስልክ በኛ አክሰንት ሁለቱ አንድ ናቸው።

ችግሩ የጀመረው ካርዱ ላይ ነው።

ፌብሩዋሪ ላይ ክሊኒክ ሄደች፣ ቤቷ አጠገብ ያለ፣ በር ላይ ሜዲኬይድ እንቀበላለን ብሎ የለጠፈ። ቀይና ነጭ ካርዷን ሰጠቻቸው። ሪሴፕሽኒስቷ አየችውና «ሌላኛው ካርድ የታለ?» አለቻት። የምን ሌላ? አክስቴ ያላት ስቴቱ የላከላት ቀይና ነጩ ነው። መለሷት። ደውላ «ካርዱ ውሸት ነው መሰለኝ» አለችኝ፣ ድምጿ የተሰበረ።

ለካ ሜሪላንድ ውስጥ ሜዲኬይድ ያለው ሰው አብዛኛው ሄልዝ ቾይስ በሚባለው ስር ነው ያለው፣ ከ1997 ጀምሮ እንደዛ ነው፣ ስቴቱ ለኢንሹራንስ ድርጅቶች ገንዘብ ይከፍላል፣ ድርጅቶቹ ደግሞ የራሳቸው የዶክተር መረብ አላቸው፣ ፕላን የሚባለው ይሄ ነው። ድርጅቶቹ አንድ ሁለት አይደሉም፣ ብዙ ናቸው። አንተ ካልመረጥክ ይመርጡልሃል። ለአክስቴም መርጠውላታል፣ ካርዱንም ልከውላታል፣ የዶክተር ስም ሁሉ የታተመበት። እሷ ግን ፖስታው ላይ ያለውን ባለቀለም ስዕል አይታ ማስታወቂያ ነው ብላ ጥላዋለች። እኔ ብሆንም እጥለው ነበር፣ እውነት ነው፣ የሆነች ፈገግ ያለች ሴትዮ ከውሻ ጋር ናት ያለችበት።

ካርዱን በስልክ ጠይቀን በድጋሚ አስመጣን። አስር ቀን ወሰደ። ሲመጣ ላዩ ላይ የተጻፈው ፕራይመሪ ኬር ዶክተር፣ ቋሚ ሐኪሟ ማለት ነው፣ ስናጣራ የልጆች ሐኪም ሆኖ ተገኘ። ለ61 ዓመት ሴት። በዚህ ስትስቅ ነው ከጃንዋሪ ወዲህ መጀመሪያ ስትስቅ ያየኋት።

በዚህ መሀል መድኃኒቱ እያለቀ ነው። የቀድሞ ዶክተሯ የሦስት ወር ጽፈውላት ነበር፣ እሷ ግን እንዳያልቅባት ፈርታ ለማንም ሳትናገር ሜትፎርሚኑን በቀን ሁለቴ የነበረውን አንዴ አድርጋው ኖሯል። ይሄን ያወቅነው ማርች መጀመሪያ ላይ ነው፣ ልጇ ስኳሯን ቤት ስትለካላት 290 ሲያሳይ። ኧርጀንት ኬር፣ ያለ ቀጠሮ የሚያዩበት ክሊኒክ፣ ወሰድናት፣ ፕላኑን የሚቀበል ነበር እግዜር ይስጣቸው፣ የ30 ቀን መድኃኒት ጻፉላትና «ፕራይመሪ ኬር ፈልጉ፣ እኛ ይሄን ደጋግመን አንጽፍም» አሉን። ግፊቷ 168 በ96 ነበር። እንግዲህ ሰዓቱ ከዛ ቀን ነው የቆጠረው፣ 30 ቀን።

ከዛማ ዘመድ ሁሉ ተነሳ። ያው የኛ ሰው መልካም ነው፣ በቤተክርስቲያን የቫይበር ግሩፕ ላይ አንዱ ጻፈ፣ አሌክሳንድሪያ አንዲት ነርስ ፕራክቲሽነር፣ እንደ ሐኪም መርምራ መድኃኒት የምትጽፍ ነርስ፣ አለች፣ አማርኛ ትናገራለች፣ ሜዲኬይድ ትቀበላለች፣ አዲስ ሰው ትይዛለች። ደስ አለን። ሳምንት ሙሉ እሷን ስንጠብቅ ነበር፣ መልእክት ትተን፣ መልሰው ደውለው፣ ቀጠሮ ሁሉ ይዘን። ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ኢንሹራንሱን ሲያጣሩ የሜሪላንድ ነው። እሷ የምትቀበለው የቨርጂኒያን ነው። ለኛ ዲኤምቪ፣ ዲሲ ሜሪላንድ ቨርጂኒያ ማለት ነው፣ አንድ ሰፈር ነው፣ ጠዋት ቨርጂኒያ እንሰራለን፣ ከሰዓት ዲሲ እንጀራ እንገዛለን፣ ማታ ሜሪላንድ እንተኛለን። ለሜዲኬይድ ግን ሦስት የተለያየ አገር ነው በለው። ፌደራሉ ገንዘብ ያዋጣል እንጂ ፕሮግራሙን የሚያስኬደው እያንዳንዱ ስቴት ነው፣ ከኢመርጀንሲ ውጪ የአንዱ ካርድ ለሌላው አይሰራም። የቫይበሩ ሰውዬ ጥፋት የለበትም፣ ለሱ ሰርቶለታል፣ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ስምንት ቀን ግን ሄደ።

ከዛ ነገሩን እኔ ያዝኩት። ኡበር ነው የምነዳው፣ ደለስ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ አንዳንዴ ሰዓት ተኩል እቀመጣለሁ፣ ያንን ጊዜ ለስልክ አደረግኩት። የፕላኑ ድረ ገጽ ገባሁ፣ ፋሚሊ ነርስ ፕራክቲሽነር፣ ከቤቷ 10 ማይል ውስጥ፣ አዲስ በሽተኛ የሚቀበል ብዬ ፈለግኩ፣ 22 ስም አወጣልኝ። 22! አልኩ በቃ አለቀ፣ ነገ ቀጠሮ አለን።

22ቱንም ደወልኩ። አራት ቀን ፈጀብኝ። ሰባቱ ጋ ወይ ስልኩ አይሰራም ወይ «እሷ እዚህ ከለቀቀች ቆየች» ነው መልሱ፣ አንዱማ የፒዛ ቤት ነው ያነሳው። አራቱ ሜዲኬይድ ይቀበላሉ ግን የሷን ፕላን አቁመዋል። ሦስቱ አዲስ ሰው አይይዙም። ሁለቱ ጨርሶ ፕራይመሪ ኬር አይደሉም፣ አንዷ የቆዳ ክሊኒክ ውስጥ ናት፣ አንዷ ሆስፒታል ውስጥ የልብ ክፍል ተኝተው የሚታከሙትን ነው የምታየው፣ ላይሰንሷ ፋሚሊ ስለሚል ብቻ ዝርዝሩ ውስጥ ገብታለች። አራቱ መልእክት ትቼ እስከ ዛሬ አልደወሉም። የቀሩት ሁለት ቀጠሮ አላቸው፣ አንዱ ከ11 ሳምንት በኋላ፣ ሌላው ከአራት ሳምንት በኋላ ግን የቀረው መድኃኒት የሁለት ሳምንት ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚባለው ይሄ ነው።

እኔ መጀመሪያ የኛን እድል ነው የመሰለኝ። ኋላ ሳነብ ግን የፌደራል ጤና መስሪያ ቤት ኢንስፔክተር ጄኔራል በ2014 ባወጣው ሪፖርት በሜዲኬይድ ፕላኖች ዝርዝር ላይ ያሉ 1,800 የሚሆኑ ሐኪሞችንና ክሊኒኮችን ደውለው ነበር፣ ከግማሽ በላይ ቀጠሮ መስጠት አልቻሉም። 35 ፐርሰንቱ በተጻፈው አድራሻ ጨርሶ የሉም፣ 8 ፐርሰንቱ አሉ ግን ፕላኑ ውስጥ አይደለንም ብለዋል፣ ሌላ 8 ፐርሰንት አዲስ ሰው አንይዝም። የኔ 22 ስልክ ከዛም የባሰ ነው። በ2024 ደግሞ የሜዲኬይድ ፌደራል ቢሮ አዲስ ደንብ አውጥቷል፣ ለመደበኛ የፕራይመሪ ኬር ቀጠሮ ከ15 የስራ ቀን በላይ ማስጠበቅ እንዳይቻል፣ ፕላኖቹም በሽተኛ መስሎ በሚደውል ሰው እንዲፈተሹ፣ ግን ስራ ላይ የሚውለው ከ2027 ወዲህ ነው። ለአክስቴ አልደረሰም።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን አንዲት ክሊኒክ ውስጥ ቢሊንግ የምትሰራ የአገር ልጅ ስታስረዳኝ ነው የገባኝ። አንደኛ ነርስ ፕራክቲሽነር ስራ ስትገባ እያንዳንዱ የኢንሹራንስ ድርጅት ለብቻ ሊያጣራትና ሊመዘግባት ይገባል፣ ክሬደንሺያሊንግ የሚሉት፣ ያ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፣ አንዳንዴ ከዛም በላይ። በዛ ጊዜ ውስጥ ስራ ላይ ናት ግን ዝርዝሩ ላይ የለችም። ስትለቅ ደግሞ ማንም ቶሎ አያወጣትም፣ ዝርዝሩ ላይ ናት ስራ ላይ የለችም። ሁለተኛ አንዳንድ ክሊኒክ ቢሉን በዶክተሩ ስም ነው የሚልከው፣ ስለዚህ ስትፈልግ የዶክተሩ ስም ይመጣል እንጂ እውነት ጊዜ ያላት ነርሷ አትታይም። እኔ ፍለጋዬን ነርስ ፕራክቲሽነር ብቻ ብዬ ማጥበቤ ራሱ ስህተት ነበር ማለት ነው። ሦስተኛው ያው ገንዘብ ነው። ሜዲኬይድ ለፕራይመሪ ኬር የሚከፍለው በአገር ደረጃ በ2019 ሲሰላ ሜዲኬር ከሚከፍለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነበር። ከስቴት ስቴት ይለያያል፣ ግን ትንሽ የግል ክሊኒክ ኪራይ እየከፈለ አምስት አይነት የሜዲኬይድ ፕላን ወረቀት መከታተል ይሰለቸዋል፣ አንዱን ይይዛል አራቱን ይተዋል። ስለዚህ «ሜዲኬይድ ትቀበላላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ባዶ ጥያቄ ነው። አዎ ይሉሃል፣ እውነታቸውን ነው፣ ላንተ ግን አይጠቅምም። ካርዱ ላይ ያለውን የፕላን ስም ጠርተህ፣ የሐኪሟን ስም ጠርተህ፣ በዚህኛው አድራሻ፣ ለአዲስ ሰው፣ የመጀመሪያው ቀን መቼ ነው፣ ብለህ ነው መጠየቅ ያለብህ። እኔ ይሄን የገባኝ አስራ ምናምነኛው ስልክ ላይ ነው።

እዚህ ጋ ሌላ ጣጣ አለ፣ የቤት ውስጥ። አክስቴ ነርስ አትፈልግም።

«14 ዓመት ታክስ ከፍዬ ነርስ ያየኛል?» አለች። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ነገር ነርስ ፕራክቲሽነር የምፈልገው ቶሎ የምትገኘው እሷ ስለሆነች ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፣ ስለዚህ መልስ አጣሁ። ልጇ ኮሌጅ ናት፣ ማስተርስ ይማራሉ፣ ቦርድ ይፈተናሉ፣ መድኃኒት ይጽፋሉ፣ ብላ ብላ አልገባትም። በመጨረሻ የገባት በሌላ መንገድ ነው። አክስቴ የጎንደር ልጅ ናት። አባቷ በህይወት እያሉ የሚታከሙት ጤና መኮንን ዘንድ ነበር፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በፈረንጅ ከ1954 ጀምሮ ያወጣቸው የነበሩት ማለት ነው፣ ያኔ ዶክተር በክፍለ ሀገር የት ተገኝቶ። እና «ጤና መኮንን ማለት እኮ ናት» ስላት ዝም አለች። ቆይታ «እሱማ አባባን ከወባ አድኖታል» አለች።

ምሳሌው ልክ አይደለም፣ አውቃለሁ፣ ጤና መኮንን ከነርስነት አይደለም የሚነሳው፣ ፕራክቲሽነሯ ግን መጀመሪያ ነርስ ናት። ግን ሁለቱም የተወለዱት ከአንድ ችግር ነው። ነርስ ፕራክቲሽነር የሚባለው ስልጠና በ1965 ኮሎራዶ ዩኒቨርስቲ ነው የተጀመረው፣ ሎሬታ ፎርድ የምትባል ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የሚባል የሕፃናት ሐኪም፣ ገጠር ላይ ሐኪም ስላልነበረ። ሜዲኬይድም ሕግ የሆነው በዛው 1965 ጁላይ 30 ነው፣ አጋጣሚ ይመስለኛል። «ፋሚሊ» የሚለው ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ማየት ትችላለች ማለት ነው። ሜሪላንድ ደግሞ ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ ያለ ሐኪም ፊርማ በራሷ መስራት ፈቅዳለች፣ መርምራ፣ መድኃኒት ጽፋ፣ ስፔሻሊስት ጋ ልካ። ቨርጂኒያ ግን መጀመሪያ ዓመታት ከሐኪም ጋር መስራት አለባት። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ፣ የፋሚሊና የሕፃናት ነርስ ፕራክቲሽነር አገልግሎት በፌደራል ሕግ ማንኛውም ስቴት ሜዲኬይድ የግድ መሸፈን ካለበት ውስጥ ነው፣ ከ1990 ጀምሮ። ስቴቱ ሲፈልግ የሚሰጠው ሲፈልግ የሚነፍገው አይደለም። ሄልዝ ቾይስ ላይም ካርድህ ላይ ፕራይመሪ ኬር ሆና ስሟ ሊታተም ይችላል።

መፍትሄው ከየት መጣ? ከቢሊንጓ ልጅ ነው። «የግል ክሊኒኮቹን ተዋቸውና ኮሚዩኒቲ ሄልዝ ሴንተር ደውል» አለችኝ። በፌደራል ገንዘብ የሚደገፉ ክሊኒኮች ናቸው፣ በአገሪቱ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው ያያሉ፣ መክፈል ስለማይችል ሰው መመለስ አይችሉም፣ ኢንሹራንስ ለሌለው በገቢው ልክ ነው የሚያስከፍሉት። በሞንጎመሪ ካውንቲና በዙሪያው እነ ሜሪስ ሴንተር፣ እነ ሲሲአይ የዚህ አይነት ናቸው። እኔ በበራቸው ሺህ ጊዜ አልፌያለሁ፣ ወረቀት ለሌለው ሰው ብቻ ነበር የሚመስሉኝ። ሜዲኬይድ የማይሸሹበት ምክንያት ደግሞ ቀላል ነው፣ ለነሱ ሜዲኬይድ የሚከፍለው በሌላ ስሌት ነው፣ ለአንድ ቪዚት ተብሎ ወጪያቸውን መሰረት ያደረገ ክፍያ ነው፣ ስለዚህ የሜዲኬይድ በሽተኛ ለነሱ ኪሳራ አይደለም። ሐኪሞቻቸውም ውስጥ ነርስ ፕራክቲሽነር ብዙ ናቸው።

ሁለት ቦታ ደወልኩ። አንደኛው ጋ ስድስት ሳምንት። ሁለተኛው ጋ የመጀመሪያው ክፍት የሚሆነው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው አለችኝ፣ ከዛ «ስኳር አለባት፣ መድኃኒቷ በዘጠኝ ቀን ያልቃል» ስላት ትንሽ ጠብቅ ብላ ሄዳ ተመለሰችና አዲስ የገባች ነርስ ፕራክቲሽነር አለች፣ ኤፕሪል 9 ከሰዓት፣ አለች። ከስምንት ቀን በኋላ ማለት ነው። ይቺን ሴትዮ አልረሳትም። ካርዱ ላይ ያለውን ፕላን ነገርኳት፣ እንቀበላለን አለች፣ የነርሷን የኤንፒአይ ቁጥር ጠየቅኳት፣ እያንዳንዱ ሐኪምና ነርስ ፕራክቲሽነር ያለው ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ነው፣ ሰጠችኝ።

ከዛ ፕላኑ ጋ ደወልን፣ አክስቴን መስመሩ ላይ አስገብቼ፣ ምክንያቱም ያለሷ ፈቃድ አያናግሩኝም። ቁጥሩን ሰጠናቸው። ሲስተም ላይ በዛ አድራሻ ገና አልገባችም አሉ። አየህ፣ ክሬደንሺያሊንግ። ተስፋ ልቆርጥ ስል ስልኩን ያነሳችው የፕላኑ ልጅ ራሷ «እዛው ክሊኒክ ያለው ዶክተር ግን አለ፣ ፕራይመሪ ኬሯን በሱ ስም ልቀይርላት፣ ክሊኒኩ ውስጥ ማን እንደሚያያት የነሱ ጉዳይ ነው» አለች። ክሊኒኩን ጠየቅን፣ አዎ ሁሌ እንደዛ ነው የምናደርገው አሉ። በ12 ደቂቃ አለቀ። የሕፃናት ሐኪሙ ወረደ፣ ሌላ ስም ወጣ። ፕራይመሪ ኬር በማንኛውም ጊዜ መቀየር ይቻላል፣ ፕላኑን ራሱን ግን መጀመሪያ በገባህ በ90 ቀን ውስጥ አንዴ፣ ከዛ በዓመት አንዴ ነው። ፕላን ወደመቀየርም አስበን ነበር፣ ግን የዓይን ሐኪሟ የሚቀበለው ይሄንኑ ስለነበር ተውነው። ከተጣበቃችሁ ደግሞ ሄልዝ ቾይስ ሄልፕ ላይን የሚባል የስቴቱ ስልክ አለ፣ ፕላኑን የሚጠይቅልህ፣ እኔ ስለሱ የሰማሁት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ኤፕሪል 9 ሁዳዴ ነበር። አብሬያት ገባሁ። ላስተረጉም ተዘጋጅቼ ነበር፣ ነርሷ ግን «አይ አንተ ዘመድ ሁን» አለችኝና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ የአማርኛ አስተርጓሚ አስገባች። ሜዲኬይድ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፣ አስተርጓሚ ይዘህ ና ማለት አይችልም፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ማስተርጎም ደግሞ ከድንገተኛ በስተቀር ክልክል ነው። አስተርጓሚው ሽማግሌ ድምጽ ነበረው፣ «እንደምን ዋሉ እናቴ፣ እርስዎ የሚሉትን ሁሉ እንዳለ ነው የማስተላልፈው» አላት። እኔ ባለሁበት የማትናገረውን ለሱ ተናገረች። እግሯ ሌሊት እንደሚያቃጥላት። መድኃኒቱን እየቆረጠች እንደነበረ። አንዳንድ ቀን ላብ በላብ ሆና እንደምትንቀጠቀጥ፣ ይሄን የነገረችው ሰው የለም።

ነርሷ ቆም አለችና «ትጾሚያለሽ?» ብላ ጠየቀች። አክስቴ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች፣ በአበሻ ሰዓት፣ ግሊፒዛይዱን ግን ጠዋት በባዶ ሆዷ ነበር የምትውጠው። መንቀጥቀጡ ከዛ ነው፣ ያ መድኃኒት ባትበላም ስኳሩን ያወርደዋል። ጹሚ አትጹሚ አላለቻትም። ግሊፒዛይዱን አቆመችላትና ሜትፎርሚኑን ከምግብ ጋር አደረገችላት፣ ስኳሯ ወርዶ ሲያንቀጠቅጣት ምን ማድረግ እንዳለባት ነገረቻት፣ እግሯን በቀጭን ክር እየነካካች መረመረች፣ የሽንት ምርመራ ለኩላሊት፣ ኤዋንሲ ደም፣ የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየው። 40 ደቂቃ ተቀመጠች። የድሮ ዶክተሯ ጋ፣ እግዜር ያክብራቸውና፣ 10 ደቂቃ ነበር። ስንወጣ አክስቴ «ዶክተሯ ጎበዝ ናት» አለች። ነርስ ናት አልኳት። «ይሁና፣ ዶክተሯ» አለች።

ኤዋንሲው 9.4 መጣ። ኦገስት ላይ 7.6። ግፊቱ 134።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሜይ ላይ ከላቦራቶሪ የ214 ዶላር ቢል መጣ። አክስቴ ቼክ ልትጽፍ ነበር፣ ዕዳ ስለምትፈራ። ያጋጠመው ላቦራቶሪው የድሮውን የስራ ኢንሹራንሷን ነው የላከበት፣ ያ ደግሞ ዲሴምበር ላይ ሞቷል። ሜዲኬይድ የሚቀበል አገልግሎት ሰጪ ሜዲኬይድ የከፈለውን ሙሉ ክፍያ አድርጎ ነው የሚወስደው፣ ቀሪውን ከበሽተኛ መጠየቅ አይችልም። ደውለን አዲሱን የካርድ ቁጥር ሰጠናቸው፣ ቢሉ ጠፋ። ከፍላው ቢሆን ማስመለሱ ሌላ ጣጣ ነበር።

አሁን ፖስታ አትጥልም። የብስኩት ቆርቆሮ አላት፣ ስዕል ያለውም የሌለውም ፖስታ እዛ ይገባል፣ እሁድ እሁድ እሄዳለሁ እከፍተዋለሁ። ያስፈራኝ ያለው ነገር ሌላ ነው። በጁላይ 2025 በወጣው ሕግ መሰረት እንደሷ በገቢ የገቡ ከ19 እስከ 64 ዓመት ያሉ ሰዎች ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ በወር 80 ሰዓት መስራታቸውን ወይም 80 ሰዓት በፌደራሉ ዝቅተኛ ደሞዝ የሚያህል ገቢ ማግኘታቸውን ማሳየት ሊጠበቅባቸው ነው፣ እድሳቱም በዓመት መሆኑ ቀርቶ በየስድስት ወሩ ይሆናል። እሷ በሳምንት 20 ትሰራለች፣ በወር 86 ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ አንድ ሺፍት ቢቀንስባት በሰዓት ከ80 በታች ናት፣ በገቢዋ ታልፋለች፣ ግን ወረቀቱን በጊዜ ማሳየት አለባት። በጤና ምክንያት ነጻ የሚደረጉ አሉ፣ የስኳሯ ነገር ይበቃ እንደሆነ ያኔ ወረቀቱ ሲመጣ ነርሷን እንጠይቃለን። አሳይለም አግኝተው ገና ግሪን ካርድ ላልያዙ ዘመዶቻችን ደግሞ ቀኑ ይቀርባል፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሜዲኬይድ ይቀርባቸዋል፣ ስለዚህ የግሪን ካርድ ማመልከቻ ያላስገባ ሰው ካለ ከወዲሁ ያስገባ።

ባለፈው ሳምንት ከአክስቴ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ወርዳ «የዛችን ነርስ ስልክ ስጡኝ» አለች። አክስቴ ናት የመለሰችላት፣ እኔ አፌን አልከፈትኩም። «ካርድሽን አምጪው» አለቻት። ይዛ መጣች፣ ቀይና ነጩን። «ሌላኛውስ?» አለቻት። ሴትዮዋ ግራ ገባት። ልጇ ጋ ደወለች፣ ፖስታው መኪና ውስጥ ተገኘ፣ ሲከፈት የሌላ ድርጅት ፕላን ነው፣ የአክስቴ ክሊኒክ የማይቀበለው። ፕላኑ ውስጥ የገባችው ግን ገና 40 ቀኗ ነው። ነገ ጠዋት ደለስ ተራ ላይ ስሆን ልደውልላት ነው፣ ከተቻለ ፕላኑን ነው የምናስቀይረው።